ምስጋናውን ተቀበልን፤ ቅድሚያውን ማን ይወስን?

አወያይ፦
ሰላም ጎረቤቶች። ባለፈው እሁድ የመራጭ ተመራጭ መድረክ ነበር። ላልመጣችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። የከተማ ምክር ቤት ተወካያችን ንግግራቸውን በምስጋና ጀምረው በምስጋና ጨረሱ። ከክረምቱ በፊት የጎርፍ ቱቦ ለጠረጉት ወጣቶች፣ ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ላዋጡት አባወራዎች፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ላደሱት በጎ ፈቃደኞች፣ ማታ ማታ ሰፈር ለሚጠብቁት። ከዚያ የመጪውን ዓመት ቅድሚያዎች ዘረዘሩ፦ የመንገድ መብራት፣ የወጣቶች ኳስ ሜዳ፣ አረንጓዴ ቦታ። ጥቂት ሰው ጠየቀና ሻይ ቀረበ።

የዛሬው ክርክር ይሄ ነው። ገንዘቡንም ጉልበቱንም ያወጣው ነዋሪ ከሆነ፣ ቀጥሎ ምን ይሠራ የሚለውን ማን ይወስን? ነዋሪው ወይስ ተመራጩ? የሰው ስም አንጥራ፣ የተመራጩንም ጭምር። ፓርቲ ውስጥም አንግባ፤ አራት ኪሎ እየኖርን ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

የኮሚቴ አባል፦
እኔ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ኃላፊ ወደዚህ ሰፈር ሲመጣ ወይ ሊቆጣ ነው ወይ ሊያስዋጣ ነው። እኚህ ሰው ቢያንስ የሠራነውን አንድ በአንድ ያውቁታል። ልጆቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ነው ቱቦውን የጠረጉት። ከውስጥ የወጣውን ብታዩ! የላስቲክ ጠርሙስ፣ ማዳበሪያ ሙሉ የጫት ገረባ፣ አንድ ሙሉ ፍራሽ። ፍራሹን እዚያ የከተተው እኮ መንግሥት አይደለም። እኛው ነን። ስለ መብት ከማውራታችን በፊት ይሄንንም እናውራ።

ቅድሚያውን በተመለከተ ደግሞ፣ የመረጥነው እንዲወስንልን ነው። በየጉዳዩ ሰፈሩ ሁሉ ካልተሰበሰበ ከተባለ አንድ አምፖል ሳይቀየር ዓመቱ ያልቃል።

የግንፍሌ ልጅ፦
ፍራሹን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ልናገር። ምስጋናው አይከፋም። ግን ጓንት እንኳ አልነበረንም። ቦት ጫማ ከየቤታችን ነው ያመጣነው። ካሜራ ግን ነበር። ፎቶው ላይ ካሉት ብዙዎቹን ቱቦው አጠገብ አላየኋቸውም። ልብሳቸውን አይታችሁ ፍረዱ።

ኳስ ሜዳውን «ወጣቱ የጠየቀው» ነው ያሉት። እኔ ወጣት ነኝ፣ ኳስም እወዳለሁ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቁኝ መጀመሪያ የምለው የቱቦው ክዳን ይመለስ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ክዳን የለውም። ሰው እንዳይገባበት ቅርንጫፍ ተክለንበታል። ቅርንጫፉ ሲደርቅ ሌላ እንተክላለን። ይሄ ነው የኛ አረንጓዴ ልማት።

ባለሱቁ፦
ሃሃ፣ አረንጓዴ ልማት! እውነቱን ነው።

እኔ የማዋጣው አንሶ አይደለም የማማርረው። ግብር እከፍላለሁ። የቤቴ የጣሪያና ግድግዳ ግብር በ2015 ሲሻሻል ዘለለ፣ እሱንም ከፈልኩ። የቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ቢሉ ጋር ይመጣል፤ ውሃው ራሱ በፈረቃ ቢሆንም። በዚያ ላይ መዋጮ። አንዴ እምቢ ብዬ ምንም አልሆንኩም ነበር። በኋላ ለሌላ ጉዳይ አንድ መስኮት ላይ ስቆም «የልማት መዋጮ ደረሰኝ ይዘሃል?» ተባልኩ። ወዶ የሰጠ ሰው ይመሰገናል። እኔ ግን ለምኑ ነው የተመሰገንኩት?

የኮሚቴ አባል፦
ወንድሜ፣ በመዋጮ እኮ ነው ዓባይን የገደብነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ሕዝብ ካላዋጣ አገር አይሠራም።

ባለሱቁ፦
ጥሩ አነሳኸው። ለግድቡ ስሰጥ ቦንድ ተሰጥቶኛል። ስሜ አለበት፣ የብሩ መጠን አለበት፣ መቼ እንደሚመለስ አለበት። ለኮብልስቶኑ የተሰጠኝ ግን የደብተር ቅዳጅ ነው፤ ማኅተሙ ግማሹ የለም። ለግድቡ ማንም ሳይገፋኝ ነው የሰጠሁት፣ ዛሬም ብጠየቅ እሰጣለሁ። ልዩነቱን አየኸው?

ጡረተኛው ጋሼ፦
ልጆቼ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር አብሮ መጣ። ቀበሌ የምንለው እሱን ነው። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነ የተወረሰ ቤት በቀበሌ እጅ ገባ። ወረቀቱ ላይ ነዋሪው ራሱን በራሱ ያስተዳድራል ይላል። መጀመሪያ ሰሞን እውነትም ሰው ተስፋ አድርጎ ነበር፤ እኔም አንዱ ነኝ። ቆይቶ ነገሩ ተገለበጠ። ስብሰባ የቀረ ሰው ስኳር የሚወጣበትን የኅብረት ሱቅ ደብተሩን ይዞ ሲማፀን ይውል ጀመር። ስኳርህ በስብሰባህ ሆነ።

ስለዚህ እኔ መዋጮ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፦ እምቢ ያለ ሰው ምን ይሆናል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ምስጋናው ቦታውን አግኝቷል። የባለሱቁ ታሪክ ግን አላማረኝም።

ተመራጩን አልወቅስም። ምስጋና ከቁጣ ይሻላል፣ ሁለቱንም አይቻለሁ።

ኢንጂነሩ ጎረቤት፦
እኔ ከሙያዬ ልግባበት። ይቅርታ፣ ሊረዝም ነው።

ማን ይወስን ከሚለው በፊት በምን ቅደም ተከተል ይሠራ የሚል ጥያቄ አለ። ሰፈራችን ተዳፋት ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ወደ 2,100 ይወርዳል፣ እኛ መሃል ላይ ነን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከላይ የሚወርደው ውሃ ሁሉ በኛ በኩል አልፎ ነው ግንፍሌና ቀበና ወንዝ የሚገባው። ኮብልስቶን ደግሞ በአሸዋ ላይ ነው የሚነጠፈው። ድንጋዩ ጠንካራ ነው፣ በእጅ የተጠረበ ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው። አሸዋው ግን ውሃ አይችልም። ከጎኑ በቂ ማፋሰሻ ከሌለው የመጀመሪያው ክረምት አሸዋውን ከሥር ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ድንጋዩ ይሰምጣል፣ ኩሬ ይሠራል።

አሁን የኛን መንገድ አስታውሱ። መጀመሪያ ድንጋዩ ተነጠፈ፣ ተመረቀ፣ ፎቶ ተነሳ። ከጥቂት ወራት በኋላ የውሃ መስመር ለመዘርጋት መሃል ለመሃል ተቆፈረ። ቱቦው ገባ፣ አፈሩ ተመለሰ፣ ሳይጠቀጠቅ ድንጋዩ ተደረደረበት። ከዳቦ ቤቱ በታች ያለው ጎድጓዳ የመጣው ከዚህ ነው። እትዬ ከዘራቸውን ይዘው ያንን ቦታ በግድግዳው ጥግ ጥግ ሲያልፉ አላያችሁም? ይሄ መንገድ ሁለት ጊዜ ተከፍሎበታል፦ አንዴ በመዋጮ፣ አንዴ በቁፋሮ።

ስለዚህ ሕዝብ ይወስን ስትሉ እሰጋለሁ። ሕዝብም እንደ ኃላፊ የሚታይ ነገር ይወዳል። ድንጋይ ይታያል፣ መብራት ይታያል። ከመሬት በታች ላለ ቱቦ ማን ያጨበጭባል? እጅ አውጡ ቢባል ቱቦ አይመረጥም።

የግንፍሌ ልጅ፦
እኔ መርጬዋለሁ እኮ፤ ከላይ አላነበብክም? እዚያ ቱቦ ውስጥ የገባ ሰው ምን እንደሚቀድም አይጠፋውም። የማያውቀው ያልገባው ነው።

ኢንጂነሩ ጎረቤት፦
እሱስ ልክ ነህ። የሠራው ሰው ይጠየቅ ካላችሁ እስማማለሁ። አዳራሽ ሞልቶ ማጨብጨብ ግን ሌላ ነው።

ተከራይ ነኝ፦
እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ምስጋናው ለ«አባወራዎች» ነው የተባለው። እኔ አባወራ አይደለሁም፣ ባለቤትም አይደለሁም። ለኮብልስቶኑ ግን ከፍያለሁ። አከራዬ የድርሻቸውን ለአራት ተከራይ አካፍለው ከኪራዩ ጋር ተቀበሉን። ዝርዝሩ ላይ ያለው ስም የሳቸው ነው። መንገዱ ባማረ ማግሥት ደግሞ ኪራይ ጨመሩ፣ «ሰፈሩ እኮ ተለወጠ» ብለው። ያኔ የቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ አልወጣም ነበር። አሁን ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት ነው፣ እንደፈለጉ መጨመርም አይቻልም። የዛን ጊዜው ግን በኔ ላይ ቀረ።

ነዋሪው ይወስን ስትሉ እኔ ነዋሪ ነኝ ወይስ አይደለሁም?

ጡረተኛው ጋሼ፦
ነሽ እንጂ ልጄ። እንዴት አትሆኚም?

ተከራይ ነኝ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። እርስዎ ይበሉኝ እንጂ ስብሰባ ሲጠራ እኛ በር አይንኳኳም።

ከገላን ጉራ፦
ከካዛንቺስ በ2017 ነው የተነሳሁት። እህቴ እዚህ ሰፈር ስላለች ቡድኑ ውስጥ አለሁ፣ ጣልቃ ልግባ። እኛም ድሮ ሰፈራችን አዋጥተን ድንጋይ አስነጥፈን ነበር፣ እኛም ተመስግነን ነበር። ልማቱን አልቃወምም፣ አሁን የገባሁበት ቤት የራሱ ሽንት ቤት አለው፣ ድሮ የጋራ ነበር። ግን ስናዋጣ ቦታው ለሌላ ሥራ መታሰብ አለመታሰቡን የነገረን ሰው የለም። ጎረቤት ተበታተነ፣ እድሩም ተበታተነ። እናንተ ለኳስ ሜዳ ስታዋጡ መጀመሪያ ፕላኑን ጠይቁ። የሜዳው ቦታ በከተማው ፕላን ምንድነው? ይሄን በጽሑፍ ሳታዩ እጃችሁን ኪሳችሁ አትክተቱ።

ባለሱቁ፦
እህቴ፣ ከዚህ ሁሉ ወሬ ፍሬ ያለው ያንቺ ነው።

የኮሚቴ አባል፦
ይሄን ጥያቄ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ። እስካሁን አለማንሳታችን ተገቢ አይደለም።

የእድር ጸሐፊ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም ተመራጩ ሜዳና መብራት በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ አደረጋችኋቸው። የከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 የመረጥነው ለዚያ ነው። ሥራው ሕግ ማውጣት፣ በጀት ማጽደቅ፣ አስፈጻሚውን መቆጣጠር ነው። መንገድ የሚሠራው አስፈጻሚው ነው። ስለዚህ ሰውዬው «እናመሰግናለን» ሲሉን ደስ ይበለን፣ ግን ከሳቸው የምንፈልገው ሌላ ነው፦ ያዋጣነው ምን ላይ እንደዋለ እንዲጠይቁልን።

የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ዕቅድ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ከተማ ይወጣል። ክዳን ይመለስ፣ ማፋሰሻ ይቅደም የምትሉት ነገር በነዚያ ወራት ወረቀት ላይ ካልገባ፣ ሐምሌ ላይ ብትጮሁ ጎርፉ ነው የሚሰማችሁ። ወረዳ ላይ ደግሞ ማንን እንደምንጠይቅ እኔም ግራ ይገባኛል። ለወረዳ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁት ሚያዝያ 2005 ነው። ያኔ በጀርባ የታዘለው ልጄ ዛሬ ቁመቱ በልጦኛል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። እምነት ያጣንበትን ተወካይ ማንሳት እንደምንችልም ይላል። እዚያ ድረስ አልሄድም፣ ሰውዬው ክፉ አይደሉም። እድራችን ግን በየወሩ ገቢና ወጪውን ጮክ ብሎ ያነባል። ድንኳን ተከራየ፣ ይነበባል። ሳህን ተሰበረ፣ ይነበባል። አንድ ጊዜ የ3 ማንኪያ ጉድለት ስብሰባውን አምሽቶታል፤ ሰው ተሳሳቀ እንጂ ማንም «ምን አስጨነቃችሁ» አላለም። የኮብልስቶኑ ሂሳብ ለምን እንዲህ አይነበብም? ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ለድንጋይ፣ ስንት ለጉልበት፣ ስንት ቀረ። አንድ ገጽ ነው። ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ይበቃል።

የኮሚቴ አባል፦
ጸሐፊ፣ ሂሳቡ አለ። የሚደበቅ ነገር የለም። የተለጠፈበት ጊዜ የለም እንጂ መዝገቡ አለ።

ባለሱቁ፦
ካለ ነገ ፎቶ አንስተህ እዚህ ጣልልን።

የኮሚቴ አባል፦
የኮሚቴው ሰብሳቢ ሳይፈቅዱ አልችልም።

የግንፍሌ ልጅ፦
ሰብሳቢው እዚህ ቡድን ውስጥ አሉ። እያነበቡ ነው፣ እያየኋቸው ነው። ሰብሳቢ፣ ይፍቀዱ!

አወያይ፦
የሰው ስም አንጥራ ብለናል፣ ማዕረግም ያው ነው። እስካሁን የገባኝን ልበል። አብዛኛው ምስጋናውን አልጠላም። ሂሳቡ ይለጠፍ በሚለው ሁሉም ይስማማል፤ የኮሚቴ አባሉም አልተቃወመም። ማን ይወስን በሚለው ግን አልተስማማንም። ኢንጂነሩ አዳራሹን ይፈራል፣ የግንፍሌ ልጅ የሠራ ሰው ይጠየቅ ይላል፣ ተከራይዋ ከነጭራሹ በር አልተንኳኳልኝም ትላለች። ሦስት ጥያቄ ጽፈን ለተመራጩ ቢሮ እናስገባ? የሜዳው ቦታ ፕላን፣ የኮብልስቶኑ ሂሳብ፣ የቱቦው ክዳን።

ኢንጂነሩ ጎረቤት፦
አራተኛ ጨምሩ፦ ከአሁን በኋላ ድንጋይ ከመነጠፉ በፊት የውሃ፣ የመብራትና የቴሌ መስመር የሚዘረጉት አካላት ቆፍረው እንዲጨርሱ። ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ።

ጡረተኛው ጋሼ፦
ፊርማ ይኑረው። ቤት ለቤት ዙሩ። የተከራዮቹንም በር አንኳኩ።

ተከራይ ነኝ፦
ቀጣዩ መድረክ መቼ ነው?

የኮሚቴ አባል፦
ገና አልተቆረጠም። አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ቀን፣ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ያለፈው እሁድ የሆነው እንደ ዕድል ነው።

ተከራይ ነኝ፦
በሥራ ቀን 3 ሰዓት ላይ እኔ መገናኛ ሥራ ላይ ነኝ። የፊርማውን ወረቀት ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ይዛችሁ ኑ፣ ሰማያዊው በር ነው። የሦስቱን ጎረቤቶቼን እኔ አስፈርማለሁ።