ወደ ዘጌ በጀልባ፦ ለ3 ዓመት ልጅ የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት የት ይገኛል?

ባሕር ዳር ያላችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ ተባበሩን። ልጃችን የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስላለፈ ከቡሄ ማግስት፣ ነሐሴ 14፣ ዘጠኝ ሆነን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ልንሳለም አስበናል። ክብራን ገብርኤልን የተውነው ሴት ስለማይገባበት ነው፤ እናቴን ጀልባ ላይ ማስቀረት አይሆንም።

ያስቸገረን የትንሿ ልጅ ነገር ነው። ያየናቸው ጀልባዎች የያዙት የአዋቂ ጃኬት ብቻ ነው። ማሰሪያውን አጥብቀን ትከሻውን ይዘን ወደ ላይ ስንስበው ጆሮዋን አልፎ ይወጣል። ውኃ ውስጥ ከሆነች ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ እሷ ከሥሩ ትሾልካለች ማለት ነው። በእግሮቿ መሃል ገመድ ማሳለፍም አሰብን፤ ግን ደረቱ ያው ሰፊ ስለሆነ አላመንኩትም። 13 ኪሎ ናት። የሚችለው ኪሎ የተጻፈበት የልጅ ጃኬት የሚያከራይ ታውቃላችሁ?

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ስለሚያስነሳ ጠዋት 1 ሰዓት ተነሥተን ከ6 ሰዓት በፊት መመለስ ነው የፈለግነው። ጃኬቱ ካልተገኘ በመኪና እንሄዳለን፤ ሰሞኑን ጭቃው ሚኒባስ ያሳልፋል? ከመኪናው መውረጃ እስከ ቤተ ክርስቲያኑስ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ስንት ደቂቃ ነው? ስንቁ የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ቀላል ነው፣ እሱን ተዉት።