ለ500 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ 1 አምፔር አይበዛም?

ጥያቄ
ለምሠራው አነስተኛ መሣሪያ 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት አቅም ያለው ጠፍጣፋ የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ መርጫለሁ። ቻርጅ የማደርግበት ሰሌዳ ቲፒ4056 የሚባለው ቺፕ ያለበት ሲሆን፣ ምንም ካልተነካ የሚሰጠው ከረንት 1 አምፔር ነው። ከባትሪው ጋር የአምራቹ መግለጫ ስላልመጣ፣ ይህ መጠን ይብዛበት አይብዛበት መወሰን አልቻልኩም። በኋላም እያንዳንዳቸው 2,600 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዙ ሁለት 18650 የሚባሉ ሲሊንደር ቅርጽ ያላቸው የሊቲየም ሴሎችን በትይዩ አገናኝቼ በዚሁ ሰሌዳ ለመጠቀም አስባለሁ።

መልስ 1
ባትሪ የሚወስደው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ስልክ ትልቅ ቻርጀር ላይ ቢሰካ እንደማይጎዳ ሁሉ፣ ሰሌዳው 4.2 ቮልት ላይ እስካቆመ ድረስ የሚያሰጋ ነገር አይታየኝም።

መልስ 2
ይህ ለስልክ እውነት ነው፤ ለጠያቂው ግን አይሠራም። ስልክ ሲሰካ ከረንቱን የሚመጥነው ስልኩ ውስጥ ያለው ሰርኪዩት ነው። እዚህ ግን ያንን ሥራ የያዘው ቲፒ4056 ስለሆነ፣ የባትሪው ቮልቴጅ 4.2 እስኪደርስ ድረስ የታዘዘውን 1 አምፔር ይገፋበታል፤ ይህም ከአቅሙ አንጻር በግማሽ ሰዓት ሙላ እንደማለት ነው። የቮልቴጅ ገደቡ ከልክ በላይ ከመሙላት ይጠብቃል እንጂ ከፍጥነቱ አይጠብቅም። የሊቲየም አዮኖች የባትሪው አሉታዊ ኤሌክትሮድ የሆነው ግራፋይት ሊያስገባቸው ከሚችለው ፍጥነት በላይ ሲመጡ በላዩ ላይ ብረት ሆነው ይለጠፋሉ፤ ይህ አቅሙን ይቀንሳል፣ ሲብስም በባትሪው ውስጥ ሾርት ፈጥሮ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

መግለጫ በሌለበት ከአቅሙ ግማሽ፣ ማለትም ከ250 ሚሊ አምፔር፣ ባያልፉ ይሻላል። ሰሌዳው ላይ ያለውን፣ ከረንቱን የሚወስነውን የ1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በ5 ኪሎ ኦም ቢተኩት ወደዚያ ገደማ ይወርዳል። ሬዚስተሩ እጅግ ጥቃቅን ስለሆነ ብየዳው ትዕግሥት ይጠይቃል።

መልስ 3
በዚህ እስማማለሁ፤ የሙቀቱን ነገር ግን ልጨምር። ባትሪው ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከቀዘቀዘ የብረቱ መለጠፍ በትንሽ ከረንትም ስለሚከሰት ቻርጅ አያድርጉት፤ ከ45 ዲግሪ በላይም እንዲሁ። ያበጠ ባትሪ ከሆነ ከረንት በመቀነስ አይድንምና ይወገድ።

ሁለቱን 18650 በተመለከተ፣ በትይዩ ሲገናኙ አቅማቸው ተደምሮ 5,200 ስለሚሆን 1 አምፔር ያለ ሥጋት ይበቃቸዋል፤ ዋጋው ከአምስት ሰዓት በላይ መጠበቅ ነው። ከማገናኘትዎ በፊት ግን የሁለቱም ቮልቴጅ እኩል መሆኑን ይለኩ፤ አለበለዚያ ከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ማንም ያልመጠነውን ከረንት ይለቃል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ፤ ሬዚስተሩን እቀይራለሁ። መሣሪያው እየሠራ ቻርጅ ቢደረግስ?

መልስ 2
ቺፑ ቻርጅ ማድረጉን የሚያቋርጠው ከረንቱ ከተወሰነው መጠን ወደ አንድ አሥረኛ፣ በእርስዎ ሁኔታ ወደ 25 ሚሊ አምፔር፣ ሲወርድ ነው። መሣሪያዎ ከዚያ የበለጠ የሚወስድ ከሆነ ቺፑ የባትሪውንና የመሣሪያውን ድርሻ መለየት ስለማይችል፣ ሞልቶም ቢሆን 4.2 ቮልት ላይ ይዞት ይቆያል። ስለዚህ ቻርጅ ሲያደርጉ መሣሪያውን ያጥፉት፤ ይህ ካልተቻለ ደግሞ መሣሪያውን ከባትሪው ለይቶ በቀጥታ ከቻርጀሩ የሚመግብ ሌላ ዓይነት ሰሌዳ ይምረጡ።