ትንሽ ውሻን ከደረቅ ምግብ ወደ ጥሬ ሥጋ ማዞር፦ ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ናችሁ? ቀጥታ ልግባ። ትንሽዬ ውሻ አለችኝ። 3 ኪሎ ብትመዝን ነው፤ አድጋ ጨርሳለች። ደረቁን የውሻ ምግብ ሳቀርብላት አሽትታ ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ሰውነቷን ታካለች፤ አፏም መሽተት ጀምሯል። አንድ ውሻ የሚያረባ ወዳጄ «ጥሬ ሥጋ አስጀምሪያት፣ ሁሉም ይስተካከላል» አለኝ። ሐኪሟ ደግሞ ነገሩን እንኳ ሳልጨርስላት «በፍጹም!» አለች። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ደጋፊም ተቃዋሚም ይምጣ፣ ግን ምክንያት ይዛችሁ ኑ። «የኔ ውሻ ስንት ዓመት በልታ ምንም አልሆነችም» ብቻውን አይበቃኝም። ቤት ውስጥ ዳዴ የሚል ልጅ እንዳለም ልብ በሉልኝ።

ሥጋ ለውሻ፦
እኔ ደጋፊ ነኝ። የውሻሽን አፍ ከፍተሽ እዪው። ጥርሷ ለመቅደድና ለመቁረጥ ነው የተሠራው፤ መንጋጋዋ እንደኛ ወዲያና ወዲህ እየሄደ አይፈጭም። ይህን እንስሳ ዕድሜ ልኩን ፋብሪካ ያደረቀውን ፍሬ እየመገብን «የተመጣጠነ ነው» ስንባል ዝም ብለን ተቀበልን። ጥሬ ምግብን በሰፊው ያስተዋወቀው እኮ ራሱ ሐኪም ነው። አውስትራሊያዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ቢሊንግኸርስት እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ውሻ ሥጋ ያለበት ጥሬ አጥንት፣ የሆድ ዕቃና አትክልት ይብላ ነው ያለው። በደረቁ ምግብ የደረሰውንም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜላሚን የተባለ ኬሚካል የገባበት የውሻና የድመት ምግብ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የስንቱን እንስሳ ኩላሊት አበላሽቶ ገደለ። ጥሬ ስትሰጪ የምትሰጪውን በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ሰገራዋ ያንሳል፣ ምክንያቱም ከምትበላው አብዛኛው ሰውነቷ ውስጥ ይቀራል። ምግብ የምትመርጥ ውሻ ደግሞ ሥጋ ሲመጣላት አትገፋም።

ነገር ፈታሽ፦
ከዚህ ቀጥሎ «ውሻ እኮ ተኩላ ነው» የሚለው ክርክር እንደሚመጣ ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስ። ውሻ ተኩላ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች የሁለቱን ዘረ መል አወዳድረው ያወጡት ጥናት አለ። ስታርች፣ ማለትም እህልና ድንች ውስጥ ያለውን ገንቢ ዱቄት፣ የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን ተኩላ ላይ 2 ቅጂ ብቻ ነው ያለው፤ ውሻ ላይ ከ4 እስከ 30 ተገኘ። ከሰው ጋር ሲኖር ሆዱም አብሮ ተለውጧል ማለት ነው። ሥጋ አይስማማውም አላልኩም፣ ይስማማዋል። «ተፈጥሮው ሥጋ ብቻ ነው» የሚለው ነው የማያስኬደው። የሜላሚኑ ጉዳይም ፋብሪካዎቹን ተቆጣጠሩ ያሰኛል እንጂ ጥሬ ይሻላል አያሰኝም።

ሥጋ ለውሻ፦
ሥጋ ብቻ ያለ ማን አለ? የምንሠራበት ቀመር አለን። 80 በመቶ ሥጋ፣ 10 በመቶ የሚበላ አጥንት፣ 10 በመቶ የሆድ ዕቃ፣ ከዚህ ውስጥ ግማሹ ጉበት። በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ። በቃ።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦
«በቃ» ያልከው ቦታ ላይ ነው ለትንሽ ውሻ ነገሩ የሚበላሸው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ውሻ ተኝቶ ቢውል እንኳ ለመኖር የሚያስፈልገው ካሎሪ ከክብደቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ውሻው ባነሰ ቁጥር ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚፈልገው ይጨምራል። ለ3 ኪሎ ውሻ 160 ካሎሪ ገደማ ይመጣል። ሮጣ ተጫውታ ስትውል ወደ 250 ይጠጋል። አሁን ያንተን 3 በመቶ እንውሰድ። 90 ግራም ነው። ስብ ያልበዛበት ጥሬ ሥጋ በ100 ግራም ከ120 እስከ 150 ካሎሪ ቢሰጥ ነው፤ ስለዚህ 90 ግራሙ ቢበዛ 135 ይሆናል። ተኝታ ለመዋል እንኳ አይበቃትም! ይኸው ቀመር ለ30 ኪሎ ውሻ ይሠራል፣ ለዚህ ነው ሰው የሚያምነው። ጉድለቱን በስብ ልሙላው ብትል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እንደ ዮርክሻየር ቴሪየርና ትንሹ ሽናውዘር ያሉት ዝርያዎች የቆሽት ቁጣ ቶሎ ያጠቃቸዋል፣ የሰባ ምግብ ደግሞ ያባብሰዋል።

ጉበቱንም እዩት። ከ90 ግራም 5 በመቶ 4 ግራም ተኩል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። በዓይን ግምት የሚቆርጥ ሰው ሳያውቀው እጥፉን ይሰጣል። ቫይታሚን ኤ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ አጥንትና መገጣጠሚያ ያበላሻል። ትልቅ ውሻ ላይ 4 ግራም ቢሳሳቱ ምንም አይደል። 3 ኪሎዋ ላይ ግን ሙሉ የቀን ድርሻዋ ነው።

ካልሲየምን አልረሳሁም። አጥንት የሌለው ሥጋ ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ 15 እና 20 እጥፍ ይበልጣል። ውሻ የሚያስፈልገው ግን ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፈረሱ እኩል እንዲሆን ነው። ካልመጣለት ከራሱ አጥንት እየቀነሰ ይጠቀማል፤ ቡችላ ከሆነ አጥንቱ እስከ መሰበር ይደርሳል። ደግሞም «የምግብ አሠራሩን ከታማኝ ቦታ ነው ያገኘሁት» ለምትሉ፣ ካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ለውሻ ቤት ውስጥ የሚዘጋጁ 200 የምግብ አሠራሮችን መርምሮ ነበር። 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ይጎድላቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ በሐኪም የተጻፉም አሉበት።

ሥጋ ለውሻ፦
ለትንንሾቹ እስከ 5 በመቶ ከፍ እናደርጋለን፣ ልምድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን መያዝ ደግሞ ተራራ መውጣት አይደለም። አመዛዝኖ መስጠት ያቃተው ተመጣጥኖ የተዘጋጀ የቀዘቀዘ ጥሬ ምግብ መግዛት ይችላል። በደንብ ያልሠራ ሰውን እያነሳችሁ በደንብ የሚሠራውን አትኮንኑ።

ጋሼ፦
ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ውሻ ስይዝ ነው የኖርኩት። ጥሬ አጥንት የምሰጣቸው ለጥርሳቸው ነው። ለትንንሾቹ የዶሮ አንገት ይበቃቸዋል፤ ለስላሳ ነው፣ ያኝኩታል። የተቀቀለ አጥንት ግን አደራ አትስጡ። እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። የልጅቷ ውሻ አፏ የሸተተው የሚታኘክ ነገር አጥታ ይሆናል።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦
ጋሼ፣ የተቀቀለውን አጥንት በተመለከተ ያሉት ልክ ነው፣ ሁሉም ይስማው። የዶሮ አንገቱ ላይ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት በቀጥታ እሱን ይመለከታል። ከኋላ እግር ጀምሮ ሰውነትን የሚያዝል የነርቭ በሽታ አለ፤ ውሻው ይሽመደመዳል። በሽታው የያዛቸውን 27 ውሾችና ያልያዛቸውን 47 ውሾች አነጻጸሩ። ጥሬ ዶሮ መብላት አደጋውን ከ70 እጥፍ በላይ ያሳድገዋል አሉ። የተጠረጠረው ዶሮ ላይ የሚገኘው ካምፒሎባክተር የተባለ ባክቴሪያ ነው። በብዛት የተያዙት ትንንሽ ዝርያዎች ነበሩ፤ ተመራማሪዎቹ ይህን ያያያዙት እርስዎ ካሉት ጋር ነው፣ ለትንሽ ውሻ የዶሮ አንገት ስለሚሰጥ። አብዛኞቹ ይድናሉ፣ ግን 6 ወርና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ተሸክሞ ሽንት የሚያሸናት ሰው ያስፈልጋታል።

ሌላም አለ። ትንሽ ውሻ አጥንቱን ሳታኝክ ዋጥ ካደረገችው ጉሮሮዋ ላይ ይሰካል፤ ትንንሽ ቴሪየሮች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ነው። ጠንካራውን የእግር አጥንት ብትሰጧት ደግሞ ትልቁ የላይኛው መንጋጋ ጥርሷ ይሰነጠቃል። ለጥርስ የሚበጀው በውሻ የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ነው። ለሰው የተሠራውን አይደለም፣ እሱ ይጎዳቸዋል።

ጋሼ፦
የነገርሽኝ ብርቅ በሽታ ነው ልጄ። የጥርስ መበስበስ ግን በየቤቱ አለ። ትንሽ ውሻ ጥርስ መቦረሽ ቀላል መስሎሻል? አፏን አታስነካም። እኔ አጥንቱን አልተውም፣ ዓይኔን ሳልነቅል አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው የማስበላቸው።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦
ብርቅነቱስ እውነት ነው ጋሼ። ቢሆንም ጠያቂዋ የዶሮ አንገት እንድትሰጥ ልመክራት አልችልም።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁላችሁም ስለ ውሻዋ ነው የምታወሩት። ዳዴ የሚለው ልጅስ? እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ባደረገው ምርመራ 196 ጥሬ የእንስሳት ምግብ ናሙናዎችን አይቶ 15ቱ ላይ ሳልሞኔላ፣ 32ቱ ላይ ሊስቴሪያ አገኘ። እነዚህ ተዘጋጅተው የሚሸጡ ናቸው። ውሻዋ ሳትታመም ባክቴሪያውን በሰገራዋ ታወጣለች፤ ቂጧን በላሰችበት ምላስ የልጁን ፊት ትልሳለች፣ በበላችበት አፍ መጫወቻውን ታነሳለች። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ እርጉዝ፣ ሽማግሌ፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ያለበት ቤት ይህን መሸከም የለበትም። «ፍሪዘር ውስጥ አሳድሬው ነው» የሚል መልስ እንዳትሰጡኝ። ቅዝቃዜ አንዳንድ ጥገኛ ትል ይገድላል፣ ሳልሞኔላን ግን እንቅልፍ ነው የሚያስይዘው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ጥሬ አትስጡ ብሎ አቋም ሲይዝ የሰውንም ጤና አስቦ ነው።

ጥሬ ጉበትና ሳንባ ደግሞ የባሰ ነው። የበግና የከብት ሆድ ዕቃ ውስጥ ውሃ የቋጠረ እብጠት የሚሠራ የኮሶ ትል ዓይነት አለ፣ ኢካይኖኮከስ ይባላል። ውሻ ያን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል። ውሻው ምንም አይታይበትም። እንቁላሉ ወደ ሰው አፍ ከገባ ግን ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያብጣል፤ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ሥጋ ለውሻ፦
እህቴ፣ ወጥ ቤትሽ ውስጥ ጥሬ ሥጋ ገብቶ አያውቅም? እጅሽን ትታጠቢያለሽ፣ መክተፊያውን ታጥቢያለሽ፣ ያው ነው። በከፍተኛ ግፊት ባክቴሪያው የተቀነሰ ጥሬ ምግብም አለ። ደረቁም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳልሞኔላ ያለበት ደረቅ የውሻ ምግብ አሜሪካ ውስጥ ሰው አሳምሟል። ሳህኑን በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ የተረፈውን ወዲያው ማንሳት፣ የትል መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት። ይህን የሚያደርግ ሰው ቤቱን አደጋ ላይ ጥሏል መባል የለበትም።

የሁለት ልጆች እናት፦
ያው አይደለም። እኔ ሥጋውን አብስዬው ነው የሚበላው፤ ባክቴሪያው ድስቱ ውስጥ ይሞታል። አንተ መክተፊያውን ታጥባለህ፣ የውሻዋን ምላስ ግን ማን ያጥበዋል? ትልቅ ሰው ብቻ ያለበት ቤት ቢሆን ይህን ያህል አልከራከርህም ነበር።

ነገር ፈታሽ፦
አንድ ነገር ሳይነሳ እያለፈ ነው። ጠያቂዋ የመጣችው በሦስት ችግር ነው፦ ማከክ፣ የአፍ ሽታ፣ ምግብ መግፋት። ጥሬ ሥጋ የትኛውን ነው የሚፈታው? ማከኩ ከቁንጫ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቁንጫ ብቻ የሚበቃቸው ውሾች አሉ። ከምግብ ነው ብንል እንኳ ውሻን በብዛት የሚያስቆጡት የከብት ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦና ዶሮ ናቸው። በደረቁ ምግብ ውስጥ ያለው ዶሮ ካሳከካት ጥሬው ዶሮም ያሳክካታል፤ መብሰል አለመብሰሉ አይደለም ጉዳዩ። ይህን ለማወቅ በሐኪም ክትትል ከዚህ በፊት በልታው የማታውቀውን አንድ ዓይነት ፕሮቲን ብቻ ለ8 ሳምንት ያህል መስጠት ነው። በመሃል ቁራሽ እንኳ ሌላ ነገር ሳይገባ። የአፍ ሽታው የድድ በሽታ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ምግብ አያድነውም። ጥርሷ ይታይ። ጥርሱን የሚያመው እንስሳ ደረቅ ነገር ቢገፋስ ምን ይገርማል?

ሥጋ ለውሻ፦
ይህ የመጨረሻው ገብቶኛል። ጥርሷ ሳይታይ እኔም አጥንት ስጪያት አልልም።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ነገር ፈታሽ፣ የጥርሱን ነገር ከምግቡ ጋር አያይዤ አስቤው አላውቅም ነበር፤ በዚህ ሳምንት አስመረምራታለሁ፣ የቁንጫ መድኃኒትም ትወስዳለች። ልጄ እስኪጎለምስ ጥሬ ሥጋ ቤቴ ውስጥ ለውሻ አይቀርብም፣ ይህን ወስኛለሁ። ግን ደረቁ ላይ ብቻ መቆየትም አልፈልግም። ሥጋውን አብስዬ ብሰጣትስ?

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦
አብስለሽ መስጠት ይቻላል፣ ጥሩም ነው። ማብሰል ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የካልሲየሙን ጉድለት አይሞላም፣ ስለዚህ የእንስሳት ሥነ ምግብ ባለሙያ ለእሷ ክብደት ያወጣላት ዝርዝር ያስፈልግሻል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ማሟያም አትዝለዪ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይግባበት፣ ደም ያሳንሳል። እስከዚያው «የተሟላ ምግብ» የሚል የተጻፈበት የታሸገ እርጥብ ምግብ ስጫት። ወይ ደረቁን በሞቀ ውሃ አርሺላት፣ ሽታው ሲወጣ ብዙዎቹ ይበሉታል። አዲሱን ምግብ ከአሮጌው ጋር እየቀላቀልሽ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ቀስ ብለሽ ቀይሪ፣ አለዚያ ተቅማጥ ይይዛታል።

ሥጋ ለውሻ፦
እኔ አሁንም ልጅሽ ሲያድግ ጥያቄውን መልሰሽ እንድታነሺው ነው የምፈልገው። ለአሁኑ ግን «እስክትራብ ጠብቂ፣ ያኔ ትበላለች» የሚልሽን ሰው አትስሚ። ያ ለትልቅ ውሻ የሚባል ነው። 3 ኪሎ ውሻ ተጠባባቂ ጉልበት የላትም። አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ወይም ከተንቀጠቀጠች ለሐኪሟ ደውዪ።