ኮሮላ 2ኢ ሞተር ሐረጎ ላይ ይፈላብኛል፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይውረድ ወይስ ሌላ ነገር ነው?

የገራዶው

ሰላም ለሁላችሁ። ኮሮላ አለችኝ፣ በፈረንጅ የ1990 ምርት፣ ሞተሯ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) 2ኢ ነው። ከገዛኋት ስምንት ወር ሆነኝ። ደሴ ውስጥ ምንም አትልም። ሐይቅ ደርሼ ስመለስም ደህና ናት። ጣጣው ኮምቦልቻ ወርጄ ስመለስ ነው። የሐረጎን ዳገት ይዤ ግማሽ ሳልደርስ የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ይወጣል፣ በተለይ የጫነ ሲኖ ፊቴ ገብቶ በሁለተኛ ማርሽ ስንጎተት። ባለፈው ቅዳሜ ጭራሽ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ስር ቡልቅ አለ። ዳር ይዤ፣ ጎማ ስር ድንጋይ አድርጌ፣ አንድ ሰዓት ቆምኩ። የሚያልፈው ሁሉ "አብሽር!" እያለኝ ያልፋል፤ ውሃ የሰጠኝ ግን አንድ የሚኒባስ ረዳት ብቻ ነው።

ገራዥ ወሰድኳት። ሰውዬው አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያያት "ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይውረድ፣ 2ኢ እንደሆነ ልማዱ ነው" አለኝ። ሌላው ደግሞ ይሄን ሞተር ጥለህ 5ኤ የሚባለውን ግጠምባት ይላል። የሁለቱም ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነው።

ሌላ ምልክት ካስፈለጋችሁ፦ ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ አላት። ዘይት በወር ግማሽ ሊትር እጨምራለሁ። ውሃ በሳምንት አንድ ሃይላንድ ይጎድላል። ካንዴላዎቹ (ቤንዚኑን የሚለኩሱት) ጥቁር ናቸው። 2ኢ በተፈጥሮው ነው እንዲህ የሚሆነው?

ቦሩ ሜዳ 77

የሞተሩን ነገር ልንገርህ፣ ፍርዱን ለመካኒኮቹ እተዋለሁ። 2ኢ 1,295 ሲሲ ነው፣ አራት ሲሊንደር። የሲሊንደሩ ስፋት 73 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ጉዞ 77.4። ቫልቩ 12 ነው፣ ለአንድ ሲሊንደር ሦስት ሦስት ማለት ነው፤ ሁለቱ ያስገባሉ፣ አንዱ ያስወጣል። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አንድ ነው፣ ከላይ ቴስታታው ላይ ተቀምጦ በቺንጋ (በላስቲክ ቀበቶ) ይዞራል። ጉልበቱ ባለ ካርቡሬተሩ ወደ 75 ፈረስ ነው። ይሄ ግን ባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። ደሴ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛውን ቀንስ፤ ሐረጎ ላይ ሲኖ አልቀድም ያለችህ ወዳ አይደለም።

ብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የታችኛው አካል) ብረት ነው፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። ሁለቱ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። አንዴ በደንብ ከፈላ ቴስታታው ይጣመማል፣ መሃል ያለው ጓርኒሲዮን ያልፋል። የ2ኢ ስም የጠፋው በዚህ ነው። ያው አሉሚኒየም ቴስታታ ያለው ሞተር ሁሉ እንደዚያው ነው እኮ። ቺንጋውን ግን መቼ እንደተቀየረ ካላወቅክ ዛሬውኑ ቀይር፣ ልኩ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው።

የገራዥ ልጅ

ወንድሜ አብሽር፣ ቴስታታ አታስወርድ። ገና ነው።

እኔ ገራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት። እንደኔ ሐረጎ ራሱ መፈተሻ ማሽን ነው፣ ማንበብ ብቻ ነው ያለብህ። ሽቅብ ስትወጣ ሞተሩ ጭነት ላይ ነው። ያኔ ያለማቋረጥ ሰማያዊ ካጨሰ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተር ይወርዳል ማለት ነው። ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ደግሞ እግርህን ከነዳጅ ታነሳለህ፣ በማርሽ ትይዛታለህ። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ውስጡን በኃይል ይስባል፣ የቫልቭ ጎሚኒዎቹ (ዘይት የሚያግዱት ላስቲኮች) ከደረቁ ዘይት በነሱ በኩል ይጠባል። ታች ሜዳው ላይ ደርሰህ ነዳጅ ስትረግጥ ኋላህን በመስታወት እይ። አንዴ ቡፍ ብሎ ከጠፋ ጎሚኒ ነው። የጠዋቷ ጭስህም ወደዚያው ትመስላለች፣ ምክንያቱም ዘይቱ ሌሊት ቁጭ ብሎ ይንጠባጠባል። ጎሚኒ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይደለም፣ የሚያውቅ ሰው ቴስታታውን ሳያወርድ ይቀይርልሃል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ብዙ ሰው የማያስበውን ልንገርህ። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። እናቴ ንፍሮ ኮምቦልቻ እህቷ ቤት ቶሎ ይበስላል የምትለው ለዚህ ነው፣ እኛ ጋ ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያንሳል። መኪናህ ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ (ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው) የሚከፈተው 82 ላይ ነው። ስለዚህ በ82 እና በ92 መሃል ያለችህ አሥር ዲግሪ ናት። ሐረጎ ላይ አሥር ዲግሪ ምን አላት?

የሚያድንህ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታያለህ፣ የሚይዘው ግፊት ነው። ያን ግፊት ከያዘ ውሃው ደሴ ላይም ከ110 ዲግሪ በፊት አይፈላም። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይ ስፕሪንጉ ከላላ ግን መኪናህ እንደ ጀበና ናት። ውሃ በሳምንት አንድ ሃይላንድ የሚጎድልህም በእንፋሎት መልክ በዚያው እየወጣ ሊሆን ይችላል። ክዳን የሚባል ነገር ስንት ሞተር እንዳስወረደ ብነግርህ አታምነኝም።

ጓርኒሲዮኑን መጠርጠር ካለብህ ራስህ እየው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ክፈት፣ ውሃውን ሙላ፣ አስነሳ። ነዳጅ ስትሰጥ ሳያቋርጥ አረፋ ከመጣ ጓርኒሲዮኑ አልፏል። የዘይት መሙያው ክዳን ስር እንደ እርጎ ያለ ነገር ካለ፣ ወይ ባስነሳህ በሁለት ደቂቃ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ድንጋይ ከሆነ፣ እሱም ያው ነው። ሞቆ ሳለ ግን ክዳኑን እንዳትነካ! ፊቱ የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ።

ፋኑንም እይ። ያንተ ፋን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ሙቀት ሲሰማ የሚያስነሳው ስዊች ከሞተ ከተማ ውስጥ ላታውቀው ትችላለህ፣ ደሴ ብርድ ናት። ከሲኖ ኋላ በዝግታ ስትወጣ ነው የሚያሳጣህ። ቴርሞስታቱም መኖሩን አረጋግጥ፣ እዚህ አገር ትንሽ በሞቀች ቁጥር አውጥቶ መጣል ልማድ ሆኗል። ያለሱ ደሴ ውስጥ ሞተሩ በወጉ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይጠጣል።

ጥቁር ካንዴላ የካርቡሬተር ነገር ነው። አየር ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። በዚያ ላይ ቀዳዳዎቹን በሽቦ የሚጠርጉ አሉ። ቀዳዳዋ ሰፋች ማለት ለዘላለም ቤንዚን ትበላለህ። በአየር ይነፋል እንጂ ሽቦ አይነካውም። የዚህ ሞተር ካርቡሬተር ዙሪያውን የላስቲክ ቱቦ ብቻ ነው፣ አንዷ ብትሰነጠቅ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትረግጥ የሚዞርበት ፍጥነት) ይረበሻል፣ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ (እሳት ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው) የምትሄደው ከሆነች ደግሞ እሳቱ ይዘገያል። የዘገየ እሳት ራሱ ሞተር ያሞቃል።

ዲኤክስ በልቤ

ልጄ፣ እኔ የድሮዋን ኮሮላ ዲኤክሴን ከያዝኩ 26 ዓመቴ ነው። 4ኬ ሞተር፣ 1,290 ሲሲ። ቺንጋ የለ፣ ካቴና (ሰንሰለት) ነው። ፋኑ ከሞተሩ ጋር ነው የሚዞረው፣ ስዊች ምናምን አያውቅም። ፑንቲናውን (የእሳቱን መቆራረጫ) በጥፍር ሞረድ ጠርጌ ባቲ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። ሐረጎን ስንቴ እንደወጣሁት አላህ ነው የሚያውቀው። ቀስ ትላለች፣ ግን አትቆምም። እናንተ 12 ቫልቭ እያላችሁ መንገድ ዳር ውሃ ትለምናላችሁ።

የገራዶው

ጋሼ፣ የእርስዎን ዲኤክስ ቢሸጡልኝ እኮ ዛሬውኑ እቀይር ነበር 😄

ዲኤክስ በልቤ

ከኔ ጋር ነው የምትቀበር።

መርሳ ላይ

የገራዥ ልጅ ያለው ትክክል ነው፣ ግን ሁሌ ክዳን ነው ብለህ እንዳትዘናጋ። የኔም 2ኢ ነበረች። ክዳን ቀየርኩ፣ ራዲያተር አሳጠብኩ፣ ለአራት ወር ውሃ እየጨመርኩ ነዳሁ። ለካ ጓርኒሲዮኑ በትንሹ አልፎ ነበር። ስትወርድ ቴስታታው ተጣሟል። ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላጭበት) ወሰድናት፣ ሰውዬው ላጨው፣ አብዝቶ ላጨው። ሲገጠም ሞተሩ ዳገት ላይ እንደ ቆርቆሮ መንኳኳት ጀመረ፣ የሚጨመቅበት ቦታ ጠቦ ማለት ነው። በመጨረሻ ሸጥኳት። ስለዚህ የአረፋውን ነገር በደንብ እይ፣ አንዴ ሳይሆን ሦስት ጠዋት። ማስወረድ ግድ ከሆነም የሚላጨውን ቆመህ አስለካ።

የገራዶው

ይኸው ተመለስኩ፣ አሥር ቀን ፈጀብኝ። አረፋውን ሦስት ጠዋት አየሁ፣ የለም። የዘይቱ ክዳን ንጹሕ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ስገለብጠው ላስቲኩ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል። በአዲስ ቀየርኩት። ፋኑም እንዳላችሁት ነው፣ ስዊቹ ሞቷል። ቤት ቆማ ሃያ ደቂቃ ሠርታ አንዴም አልዞረም፣ ለጊዜው በቀጥታ ገመድ አስጎትቼ ከውስጥ በማብሪያ አበራዋለሁ። ውሃውን ሳፈስ የወጣው ቡና ነው የሚመስለው፣ ዝገቱ። አራቴ አጠብኩት።

እሁድ ኮምቦልቻ ወርጄ ተመለስኩ። ስወርድ በመስታወት አየሁ፣ ታች ደርሼ ነዳጅ ስሰጥ ቡፍ አለች፣ ጠፋች። ጎሚኒ ነው ማለት ነው፣ ከመውሊድ በኋላ አስቀይራለሁ። ሽቅብ ስወጣ ጌጁ ግማሽ ላይ ቆመ፣ ከሲኖ ኋላ ሆኜም። ወላሂ መሪውን ሳይሆን ጌጁን እያየሁ ነው የወጣሁት። ውሃ የሰጠኝን ረዳት መንገድ ላይ አገኘሁት፣ በመስኮት የሞላ ጀሪካን አሳየሁት፣ ሳቀ።

የገራዥ ልጅ

ማሻአላህ! ቴርሞስታቱስ ነበረ?

የገራዶው

የቴርሞስታቱ ቤት ባዶ ነው። ነገ ሰኞ ገበያ ሄጄ እፈልጋለሁ።