ለእንጀራ ማሸጊያ ላስቲክን የሚተካ ከዕፅዋት የተሠራ ነገር ይኖር ይሆን?

ጥያቄ፦
በአዲስ አበባ ለሱቆችና ለመሥሪያ ቤት ክበቦች እንጀራ አቀርባለሁ። እስካሁን የማሽገው በስስ ላስቲክ ነበር፤ ሆኖም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ሌላ መላ መፈለግ ግድ ሆኖብኛል። ወረቀት እንጀራውን ያደርቀዋል፤ ራሱም በእርጥበት ይቀደዳል። አንድ ነጋዴ ከበቆሎ ስታርች የተሠራና የሚበሰብስ ነው ያለውን ከረጢት ቢያሳየኝም ዋጋው ከለመድነው በእጅጉ ይበልጣል። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
ከዕፅዋት መሠራትና በቀላሉ መበስበስ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን አስቀድመው ቢለዩ መልካም ነው። ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር የሚሠራው ፖሊላክቲክ አሲድ የሚበሰብሰው 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀትና በቂ እርጥበት ባለበት የኮምፖስት ማምረቻ ውስጥ ሲሆን፣ ቱቦ ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ ከተጣለ ለዓመታት እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ብቻውን ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነም ለስስ ከረጢት ሲፈለግ አብዛኛውን ጊዜ ከነዳጅ ዘይት ከሚገኝ ሌላ የሚበሰብስ ፕላስቲክ ጋር ይቀላቀላል፤ ስለዚህ «የበቆሎ ከረጢት» የሚባለው ሁሉ በቆሎ ብቻ አይደለም። ነጋዴውን የአውሮፓውን ኢኤን 13432 ደረጃ የሚያሟላበትን የምስክር ወረቀት ይጠይቁት፤ ደረጃው ዕቃው በኮምፖስት ሁኔታ በ6 ወር ውስጥ ቢያንስ 90 በመቶ እንዲበሰብስ ያስገድዳል። «ኦክሶ» የሚል ጽሑፍ ካዩ ግን ይተዉት፤ እንዲፈረካከስ ኬሚካል የተጨመረበት ተራ ፕላስቲክ ስለሆነ ወደ ብናኝ ይለወጣል እንጂ የሚበሰብስ ስላልሆነ የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበያ አግዶታል።

መልስ 2፦
እኔ ስለ ኮባ ልጨምር። ድፎ ዳቦ የሚጋገርበትና ቅቤ የሚጠቀለልበት የእንሰት ቅጠል እሳት ላይ ለአፍታ ሲለበለብ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል፤ እርጥበትንም ደህና አድርጎ ይይዛል። ችግሩ ቶሎ መድረቁ፣ በደንብ መታጠብና መወልወል ማስፈለጉ፣ አቅርቦቱም በየዕለቱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ስለዚህ በዕለቱ ለሚበላ እንጀራ ይሆናል፤ ሱቅ ውስጥ ለሚያድር ግን አልመክርም። ለክበቦቹማ የሚመላለስ የጥጥ ጨርቅና ሰፌድ ከሁሉም ይሻላል። ጥጥም እኮ ዕፅዋት ነው፤ ታጥቦ ደግሞ ደጋግሞ ያገለግላል። በምንም ቢያሽጉት ግን እንጀራው በሚገባ ሳይበርድ አያሽጉት፤ ትኩሱ ሲታፈን ያልበዋል፣ ሻጋታውም ከዚያ ይጀምራል።

መልስ 3፦
ከሸንኮራ አገዳ ገለባ (ጭማቂው ከወጣለት በኋላ ከሚቀረው) የሚሠሩ ሳህኖችን የሚያቀርብልዎ ካለ፣ ዘይት እንዳያሳልፉ የተቀቡት ኬሚካል ምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ለዘመናት የማይበሰብሱ የፍሎሪን ውህዶች አሉባቸው። ገለባው እንደ ወንጂና ፊንጫ ባሉ የስኳር ፋብሪካዎች ለእንፋሎትና ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚነድ በነፃ የሚገኝ ትርፍ ነገርም አይደለም። የከተማውን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንም የሚበሰብስ ከረጢት በአዲሱ አዋጅ እንዴት እንደሚታይ አስቀድመው ቢጠይቁ ይበጃል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነጋዴውን የምስክር ወረቀቱን ብጠይቀው «ፋብሪካው ጋ ነው» ከማለት በቀር ሊያሳየኝ ስላልቻለ ሳላዝዝ ቀርቻለሁ። ለክበቦቹ በጨርቅና በሰፌድ እጀምራለሁ። የሱቆቹ ጉዳይ ግን አልተፈታም፤ ደንበኛው የእንጀራውን ዓይን ሳያይ አይገዛም፤ ኮባም ሆነ ወረቀት ደግሞ አያሳይም። በዚህ ላይ ልምድ ያለው ካለ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።