«ዝም አይነቅዝም» ለ1952ቱ ለንደን ይሠራል ወይ?

ሰንበሌጥ፦ ትናንት ለውይይት በቀረበው ረቂቅ ሥር «ዝም አይነቅዝም፤ አፋቸውን ዘግተው ቢኖሩ ማን ይነካቸው ነበር?» የሚል አስተያየት ተጽፎ ይሄ ሁሉ ሰው ወዶታል። ጉድ እኮ ነው! ረቂቁን ላላያችሁት፦ የ22 ዓመት የዛሬ ልጅ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ደረጃ ላይ ተንሸራቶ ጃንዋሪ 1952 ላይ ያርፋል፤ ከአንድ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ጋር ይዋደዳሉ፤ ሁለቱም ወንዶች ናቸው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። «እኛማ 7 ዓመት ወደ ኋላ ነን» የምትለዋን ቀልድ ከወዲሁ አስቀሩልን።) በእውኑ ታሪክ በዚያችው ጃንዋሪ የሒሳብ ሊቁ የአላን ቱሪንግ ቤት ተሰረቀ። ሰውየው እንደማንኛውም ዜጋ ፖሊስ ጋ ሄደ። ስለ ሌባው ሲጠየቅ ሲጠየቅ ከአንድ ወጣት ጋር ያለው ነገር ወጣ፤ ማርች 31 ተከሳሹ እሱ ሆኖ ቀረበ። ሌባ ሊያሲዝ ሄዶ ራሱ ተያዘ። ዝም ሲል የነበረ ሰው ነው እንግዲህ።

ሽማግሌው፦ አስተያየቱ የእኔ ነው፤ አልደብቅም። ቱሪንግን ባታነሳው ይሻልህ ነበር። ለመርማሪዎቹ ቃሉን በገዛ እጁ በዝርዝር ጽፎ የሰጠ ሰው ነው። ይሄ ዝምታ ነው? ምስክርህ ለእኔ መሰከረልኝ።

ሚዛን፦ ጋሼ፣ ሕጉን እንየው። የ1885ቱ አዋጅ ክፍል 11 በሁለት ወንዶች መካከል የሚፈጸም «ነውረኛ ድርጊት»ን በአደባባይም በግልም ብሎ ነው የከለከለው። ድርጊቱ ምን እንደሆነ አልተረጎመም፤ ጣሪያው ሁለት ዓመት እስራት ነው። «በግልም» የምትለዋን ያዙልኝ። በር ዘግቶ መጋረጃ ጋርዶ ዝም ያለውም ወንጀለኛ ነው። ስለዚህ ቤቱ የተሰረቀ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፦ ንብረቱን መተው ወይም ፖሊስ መጥራት። ሌባውም ይህን ያውቃል። ሕጉን «የአስፈራሪዎች ቻርተር» ያሉት ወደው አይደለም። ዝም አይነቅዝም ሳይሆን ዝም በየወሩ ይከፈልበታል።

ሽማግሌው፦ ሃያ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው አንድ መቃብር ቦታ የተቀበሩ የሉም? ጎረቤት «ሁለቱ ወንደላጤዎች» ብሎ የሚያልፋቸው? አሉ። የተያዘው ይቆጠራል፤ ያልተያዘው አይቆጠርም። እኔ የምለው ይህንን ነው።

ሰንበሌጥ፦ «ማን ይነካቸው ነበር» እና «አንዳንዱን አልነኩትም» አንድ ሆነ?

ወፍራም ብዕር፦ እናንተ ሰዎች፣ ልጁ የጻፈው የፍቅር ልብወለድ ነው፣ የፖሊስ መዝገብ አይደለም። ወንድና ሴት ሲሆኑ ዘንዶ ገድለው ይጋባሉ፤ ማንም ሕግ አይጠቅስባቸውም። እነዚህ ሲሆኑ ግን ገጽ 3 ላይ መታሰር አለባቸው? በደስታ ቢያልቅ ምን ይጎድልባችኋል?

ባለሰዓት፦ እቴ፣ ደስታው አይደለም የጎደለው፤ ኪሱ ነው። ልጁ ምዕራፍ 1 ላይ የዛሬ ፓውንድ አውጥቶ ሻይ ይገዛል። ጃንዋሪ 1952 ንጉሥ ጆርጅ በሕይወት አለ፤ የሞተው ፌብሩዋሪ 6 ነው። ኤልሳቤጥ ገና ልዕልት ናት። የእንግሊዝ ባንክ የብር ኖት ላይ የነገሥታት ምስል የመጣው በ1960 ነው። አዲሱ ኖት ከሆነ ደግሞ የቻርልስ ነው፤ ያኔ የሦስት ዓመት ሕፃን! ሳንቲሙም አይሠራም፤ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ ሽልንግ 12 ፔኒ ነው፤ መቶ ፔኒ የሆነው በ1971። ሻይ ሻጩ ፖሊስ ቢጠራ የሚጠራው ለሐሰተኛ ገንዘብ ነው፤ ፍቅሩ ገና አልተጀመረም።

ወፍራም ብዕር፦ ሰዓቱን ይሽጥ በቃ።

ባለሰዓት፦ ዲጂታል ሰዓት? በ1952? ወርቅ ቀለበት ቢኖረው ይሻለው ነበር። ከዚያ ሥራ መያዝ አለበት። ከ1948 ወዲህ ሠራተኛ ሁሉ የመድን ካርድ አለው፤ አሠሪው በየሳምንቱ ቴምብር ይለጥፍበታል። ካርድ የሌለው 22 ዓመት የሞላው ጤነኛ ወንድ የሚጠረጠረው በሌላ ነው፦ ከብሔራዊ ውትድርና የጠፋ። ያኔ ወጣት ወንድ ሁለት ዓመት ይዘምታል፤ ወይ የማሰናበቻ ወይ የማዘግያ ወረቀት ያሳያል። መታወቂያ ካርድ የቀረው በዚያው ፌብሩዋሪ ነው። ማለት ልጁ ከወደቀ በኋላ ጥቂት ሳምንት ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ «ካርድህ?» ሊለው ይችላል። ደራሲው ማርች ላይ ቢጥለው ይሄ አንዱ ችግር ይቀልለታል።

ሚዛን፦ ራሽኑንም ጨምርበት። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ስኳር በኩፖን ነው፤ ሥጋው እስከ ጁላይ 1954። ዳቦ ግን ከ1948 ጀምሮ ነፃ ነው፤ ካፌ ገብቶ መብላትም ኩፖን አይጠይቅም። ስለዚህ ሁለቱ ካፌ ቢገናኙ ያስኬዳል። ፊደል ለቃሚው ቤት ወስዶ ስቴክ ሲጠብስለት ግን የሁለት ሰው ሥጋ ከየት መጣ? አከራይዋ ትቆጥራለች።

ሽማግሌው፦ አከራይዋም ዝም ትላለች።

ሰንበሌጥ፦ ኪራዩ እስኪዘገይ ድረስ።

ወፍራም ብዕር፦ 😂

ሚዛን፦ ከሁሉ የሚያናድደኝ ምዕራፍ 4 ነው። 11 የፍቅር ደብዳቤ በጫማ ካርቶን ውስጥ! በ1954 የሎርድ ሞንታጉ ክስ ላይ ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ቤት ፈትሾ የወሰደው ምን ነበር? ደብዳቤ። ጋዜጠኛው ፒተር ዋይልድብለድ ለአንድ የአየር ኃይል ወታደር የጻፈው ችሎት ላይ ተነበበ። ወታደሮቹ ያለመከሰስ ተሰጥቷቸው መሰከሩ፤ እሱ 18 ወር፣ ሞንታጉ 12 ወር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንዱን ይይዛሉ፤ የአድራሻ ደብተሩን ይወስዳሉ፤ በዝርዝሩ ላይ ካሉት የፈራውን «መስክርና ነፃ ነህ» ይሉታል፤ ከእሱ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ዝም ያለ ሰው እጣው ያለው በሌላው አፍ ነው። አዋቂ ፊደል ለቃሚ ደብዳቤ አንብቦ ምድጃ ውስጥ ይጨምራል፤ ስም አይጽፍም፣ አንደኛዋን ፊደል ብቻ። ጽሑፍ ምን እንደሚያደርግ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

ወፍራም ብዕር፦ እሺ ይሄኛው ቆንጆ ነው። ሲያቃጥለው የዛሬው ልጅ ቅር ይለዋል፤ «ለምን አላስቀመጥከውም?» ይላል። ትዕይንት ሆነ እኮ!

ሚዛን፦ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ሕጉን ከታሪኩ ስታወጡት ፍቅሩም አብሮ ይቀጥናል። ሌላ ስሕተት ደግሞ፦ ምዕራፍ 9 ላይ ዳኛው «ሁለት ዓመት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር» ይላል። ይሄ ከኦስካር ዋይልድ ፍርድ የተቀዳ ነው፣ 1895። ከባድ የጉልበት ሥራ በ1948 ተሽሯል። በ1952 የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ቱሪንግ ከእስር ይልቅ የመረጠው የአንድ ዓመት ክትትልና የሆርሞን ሕክምና። የኢስትሮጅን መድኃኒት ለወንድ ሰጡት።

ሽማግሌው፦ ጭጋጉስ? እሱን እንኳ ወድጄዋለሁ። ዲሴምበር 1952፣ ለንደን በጭስ ተሸፍና ሁለቱ ድልድይ ላይ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ማንም አያያቸውም። ይኸው፣ ዝምታ ሠራ።

ባለሰዓት፦ ከዲሴምበር 5 እስከ 9 የነበረው ጭጋግ የከሰል ጭስና ሰልፈር ነው ጋሼ። አውቶቡስ ቆሞ፣ ሳድለርስ ዌልስ ቲያትር ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ኦፔራ ያቋረጠ ጭጋግ ነው። በሺዎች ሞተውበታል። ድልድይ ላይ የቆሙ ሰዎች አይሳሳሙም፤ ይስላሉ።

ወፍራም ብዕር፦ ስለው ይሳሳሙ!

ሰንበሌጥ፦ ለምን አይሸሹም ያላችሁም ነበራችሁ። ፈረንሳይ ከ1791 ጀምሮ ወንጀል አይደለም፤ በ1942 የመጣው የ21 ዓመት ገደብ ነው፤ ልጁ 22 ስለሆነ ያልፋል። ግን ፓስፖርት የልደት ወረቀት ይጠይቃል፤ ልጁ ገና አልተወለደም። ፊደል ለቃሚው ብቻውን ቢሄድ በ1952 ለውጭ ጉዞ ይዞ መውጣት የሚፈቀድለት 25 ፓውንድ ነው፤ ፓሪስ ስንት ሳምንት ያኖረዋል? የረቂቁ መጨረሻ ደግሞ ይባስ። 1967 ሕጉ ሲለወጥ ኤድንብራ ላይ በነፃነት ሲጨፍሩ ያበቃል። የ1967ቱ አዋጅ ለእንግሊዝና ለዌልስ ብቻ ነው! ስኮትላንድ እስከ 1980 ጠበቀች፣ ሰሜን አየርላንድ እስከ 1982። እንግሊዝም ውስጥ ቢሆን ሁለት ሰው ብቻ፣ 21 የሞላቸው፣ በግል። ሦስተኛ ሰው ቤት ውስጥ ካለ «በግል» አይደለም። ጦር ሠራዊትና የንግድ መርከበኛ ጭራሽ አልገቡበትም።

ሽማግሌው፦ ታዲያ ሁለቱን ሴቶች ቢያደርጋቸው አይቀልም? ሴቶችን ሕጉ አልጠቀሰም።

ሚዛን፦ ስለምን እንዳልጠቀሰ ያውቃሉ? በ1921 ሴቶችን ለመጨመር የቀረበውን የሕዝብ ተወካዮቹ አጽድቀውት ነበር፤ የላይኛው ምክር ቤት ሎርዶች ጣሉት። ክርክራቸው «ስለዚህ ነገር ሰምታ የማታውቅ ሴት ሁሉ ልትሰማ ነው» የሚል ነው። ጋሼ፣ የእርስዎን ተረት ሎርዶቹ ቀድመውዎታል። ዝም አይነቅዝም ብለው ሕግ አላወጡም፤ ግን ልጆቿን ፍርድ ቤት የተነጠቀችውን ያ ዝምታ አላዳናትም።

ሽማግሌው፦ እኔ ከሎርድ ጋር ተቆጠርኩ፤ አልከፋኝም።

ድምፀ ብርቅ፦ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ማንም ቋንቋውን አላነሳም። ደራሲው ሁለቱን በየገጹ «ግብረ ሰዶማውያን» ይላቸዋል። ራሳቸውን እንዲህ ብለው የሚጠሩ አስመሰላቸው።

ሽማግሌው፦ አማርኛው ያ ነው። ምን ይበላቸው?

ድምፀ ብርቅ፦ የወንጀል ክስ ሲያነብ ይበል። እርስ በርስ ሲያወሩ ግን ያኔ ፖላሪ የሚባል የኮድ ቋንቋ ነበር፤ መርከበኛውም ተዋናዩም ይናገረው ነበር። «ቦና» ጥሩ፣ «ቫዳ» ተመልከት፣ «ኦሚ» ወንድ። ፀጉርን በእንግሊዝኛው ገልብጠው «ራያህ» ይሉታል። የአራዳ ልጅ ቃል እንደሚገለብጠው ማለት ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ በየወፍ ቋንቋ ወይም በአራዳ ቢደረግ ያምራል። አዲስ አበባ ያሉቱ እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ፤ ይቺን ቃል አንድ ቦታ ቢያስገባት ያወቀ ያውቃል፣ ያላወቀ ያልፋል።

ባለሰዓት፦ ሰንበሌጥ መጀመሪያ ላይ «እንደማንኛውም ዜጋ ፖሊስ ጋ ሄደ» ብሎ ነበር 😂 አውቆ ነው?

ሰንበሌጥ፦ ያወቀ ያውቃል።

ድምፀ ብርቅ፦ ሌላው ነገር፣ ያ ጥብቅ ሕግ ያለፈ ዘመን ነገር እንደሆነ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። የአንድ ጾታ ግንኙነትን የሚከለክለውን የ1996 ዓ.ም. (ይቺ በእኛ ናት) የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629ን ለሚያነብ የአዲስ አበባ አንባቢ የልጁ ጉዞ ወደ ኋላ አይደለም። ወደ ጎን ነው። እሱ የልጁን የዛሬ ለንደን ነው እንደ ተረት የሚያነበው።

ወፍራም ብዕር፦ ይሄን ማን አሰበው?

ሽማግሌው፦ ስለዚህ አዲስ አበባ አይታተምም። ደራሲው ዝም ቢል አይሻለውም?

ሰንበሌጥ፦ ተመለስን!

ሚዛን፦ ጋሼ፣ «ዝም» የሚለውን ቃል ሳይጠቀሙ አንድ መልእክት ይጻፉልን እስቲ።

ሽማግሌው፦ ...

ባለሰዓት፦ ሠራ! ይልቅ የስልኩን ነገር ማንም አላስተካከለውም። ምዕራፍ 6 ላይ ልጁ ከሕዝብ ስልክ ደውሎ ወዲያው ያወራል። ያኔ ሳንቲሙን ከተህ፣ ሰው ሲያነሳ «ሀ» ቁልፍን ካልተጫንክ እሱ አይሰማህም፤ ካልተነሳ «ለ»ን ተጭነህ ሳንቲምህን ትወስዳለህ። ልጁ አያውቅም። ፊደል ለቃሚው «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲል ይሰማዋል፤ መልስ ግን አይደርስም።

ወፍራም ብዕር፦ የእንግሊዝኛው ቁልፍ ኤ እና ቢ ነው፤ «ሀ» እና «ለ» ያልከው ከየት አምጥተህ ነው?

ባለሰዓት፦ ተርጉሜ ነዋ!

ድምፀ ብርቅ፦ ቁልፍ ይተረጎማል? ቁልፉ ላይ የተጻፈው ፊደል ነው እኮ።

ባለሰዓት፦ ፖላሪን በወፍ ቋንቋ ተርጉሙ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?