የዝናብ መጥረጊያ ጎማ ብቻውን ይቀየር ወይስ ሙሉው?

ሰላም ወገኖች። አሮጌ ኮሮላ ነው የምነዳው። በሳምንት ሁለቴ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት እመላለሳለሁ። የጣርማ በርን የክረምት ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከፊት ያለው መኪና የሚታየው ጅራቱ ስር ስትደርሱ ነው።

የመጥረጊያው ብረት ደህና ነው፣ ባለ መንጠቆ። ጎማውን ግን የቆላው ፀሐይ አድርቆ ሰነጣጥቆታል። ልክ ዓይኔ ፊት ለፊት የጣት ስፋት ያለው መስመር ሳይጠርግ ያልፋል።

መስታወቱን በሳሙና አጠብኩ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ጎማውን ብቻ ገዛሁ፣ 55 ሳንቲ ሜትር፣ እንደ አሮጌው። ርዝመቱ ገጠመ። የጣርማ በር ዋሻ ጋ ስደርስ ግን ከብረቱ ጥርሶች ሾልኮ ወጣና መስታወቱ ላይ እንደ እባብ ተንጠለጠለ። ብረቱ መስታወቱን እንዳይጭረው መጥረጊያውን አጠፋሁና ዳር ይዤ ቆምኩ። ቤት ገብቼ ስለካ የአሮጌው ጎማ ጀርባ፣ ማለትም ጥርሶቹ የሚይዙት ክፍል፣ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ የአዲሱ 6 ነው። ሻጩ የጠየቀኝ ርዝመቱን ብቻ ነበር፤ እኔም ሌላ ልኬት እንዳለው አላወቅኩም።

እዚህ ያገኘሁት ሙሉ መጥረጊያ 24 ኢንች ነው። የኔ 22 ስለሚሆን ከጎኑ ካለው ጋር ይጋጭብኛል ብዬ ተውኩት።

እናንተ ብትሆኑ ባለ 8 ሚሊ ጎማ ትፈልጋላችሁ ወይስ ባለ 22 ኢንች ሙሉ መጥረጊያ ትገዛላችሁ?